ቆንጆዋ አውሬውን «አንተ» ትበለው ወይስ «እርስዎ»?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከጅማ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈር ልጆችን እቤቴ ሰብስቤ ፊልም አሳያቸዋለሁ። እንግሊዝኛው ስለሚከብዳቸው ድምፁን ቀነስ አድርጌ በአማርኛ እየተረክሁላቸው ነው የሚያዩት። ባለፈው የቆንጆዋንና የአውሬውን ተረት አሳየኋቸው። ድሮ በካርቱን የወጣውን ሳይሆን በኋላ በሰው ተዋናዮች እንደገና የተሠራውን። ልጅቷ አውሬውን ስታናግረው «አንተ» ብዬ ጀመርኩ። አንዱ ልጅ «ልዑል አይደል እንዴ? እርስዎ በይው እንጂ» አለኝ። ሌላዋ «አውሬ እርስዎ ይባላል እንዴ?» ብላ ተከራከረችው። እኔም አንዴ ይህን አንዴ ያን እያልኩ ጨረስኩት። ትክክሉ የቱ ነው? ደግሞስ የሚናገሩትን ዕቃዎች፣ ማንቆርቆሪያውን፣ ሻማውን፣ ሲኒውን፣ «እሱ» ልበላቸው «እሷ»?

መልስ፦ ልጆቹ ሁለቱም ልክ ናቸው። አንደኛው ማዕረጉን አየ፣ ሁለተኛዋ መልኩን አየች። እርስዎ ደግሞ ሁለቱን ለማስታረቅ ሞከሩ፤ ግራ ያጋባዎትም እሱ ነው።

እንግሊዝኛው «ዩ» ብሎ ይገላገላል። ልዑሉም «ዩ»፣ አሽከሩም «ዩ»፣ ፈረሱም «ዩ» ነው። አማርኛ ግን ገና አፍ ሳንከፍት ይጠይቀናል። ወንድ ነው ሴት? አንድ ነው ብዙ? ቅርብህ ነው ሩቅህ? ይህን ሳይመልስ «ና» ማለት የሚችል ሰው የለም፤ ወይ «ና» ነው፣ ወይ «ነይ»፣ ወይ «ይምጡ»። ስለዚህ በአማርኛ የሚተርክ ሰው ፊልሙ ዝም ብሎ ያለፈውን ነገር ሁሉ ራሱ መወሰን አለበት። ይህን እንደ ሸክም ባያዩት እወዳለሁ። እንግሊዝኛው ያልሰጠንን መሣሪያ ነው አማርኛ የሚሰጠን።

የጅማ ልጆች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። ብዙዎቹ አፋን ኦሮሞ ይናገራሉ፤ እዚያም «አቲ» እና «ኢሲን» አለ። «ኢሲን» ለብዙ ሰውም ለአንድ የተከበረ ሰውም ይሆናል። አማርኛ ሁለቱን ይለያቸዋል፣ «እናንተ መጣችሁ» እና «እርስዎ መጡ» ብሎ። ክብሩ ግን በሁለቱም ቋንቋ አለ። ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየ ልጅ ደግሞ ለቤተ መንግሥት ሰው እንዴት እንደሚነገር አይጠፋውም።

አጭሩ መልሴ ይህ ነው፦ በ«እርስዎ» ይጀምሩ፣ መሃል ላይ ወደ «አንተ» ይግቡ፣ ከዚያ በኋላ አይመለሱ።

ለምን በ«እርስዎ»? ልጅቷ ወደ ግንቡ የመጣችው አባቷን ፍለጋ ነው፤ እዚያ ደርሳ በእሱ ፋንታ ልታሰር ትላለች። የሚያናግራትን አታውቀውም። በ1991 እ.ኤ.አ. በወጣው ካርቱን መጀመሪያ የምታየው ጨለማ ብቻ ነው፤ ወደ ብርሃን እንዲወጣ ትጠይቀዋለች። እዚህ ላይ «ወደ ብርሃኑ ይምጡ» ማለት ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ጌታና እስረኛ መሆናቸውን ያሳያል። ሁለተኛ፣ «እርስዎ» ጾታ የለውም። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሆነ ገና ያላወቀች ልጅ «ይምጡ» ብትል ያምርባታል፤ «ና» ካለች ግን ወንድ መሆኑን አስቀድማ የወሰነች ይመስላል።

ይህ የክብርና የአውሬነት ክርክር በነገራችን ላይ አዲስ አይደለም፤ ተረቱ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ አለ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው አጭሩ ቅጂ በ1756 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ ተጽፎ የወጣ ነው። እዚያ አባትየው ጽጌረዳ ቀጥፎ ሲያዝ ደንግጦ አውሬውን በጌታ ማዕረግ ይጠራዋል። አውሬው ምን ይለዋል? ስሜ ጌታዬ አይደለም፣ አውሬ ነው፤ ሽንገላ አልወድም፣ ሰው ያሰበውን ሲናገር ነው የምወደው። ደስ የሚለኝ ደግሞ ይህን ሁሉ ሲቆጣ አባትየውን በፈረንሳይኛው የአክብሮት ተውላጠ ስም ነው የሚያናግረው። ማዕረጉን ይጥላል እንጂ ወጉን አይጥልም። እንግዲህ «አውሬ እርስዎ ይባላል እንዴ?» ላለችው ልጅ መልሱ «አዎ፣ እሱ ራሱም ሰውን እርስዎ ይላል» ነው።

የአውሬው አንደበት ግን በፊልሙ ሌላ ነው። በካርቱኑ ከአገልጋዮቹ ጋር በሯ ላይ ቆሞ ራት ሲጋብዛት ያስታውሱ። አገልጋዮቹ ቀስ በል፣ እባክሽ በል እያሉ ጆሮው ሥር ያንሾካሹካሉ። እስከዚያ ድረስ የሚያዛት በ«አንቺ» ነው፤ «እዚህ ነው የምትኖሪው»፣ «እዚያ አትሂጂ»። አሁን ተመክሮ፣ ጥርሱን ነክሶ «ለራት አብረውኝ ቢቀመጡ ደስ ይለኛል» ይበል። አልፈልግም ስትለው ያቺ የተዋሳት ትሕትና ካፉ ትወድቃለች፦ «እንግዲያው ጦምሽን እደሪ!» ከ«ቢቀመጡ» ወደ «እደሪ» በአንድ ትንፋሽ። እንግሊዝኛው ይህን የሚያሳየው በድምፅና በጩኸት ነው። እኛ በግሡ መድረሻ እናሳየዋለን። ይህን በደንብ ቢተርኩት ልጆቹ የአውሬውን ጠባይ ሳይነገራቸው ይረዱታል።

አሁን ወደ መሸጋገሪያው። ተኩላዎች ከበዋት አውሬው ደርሶ ሲያድናትና ሲቆስል፣ ከዚያ ምድጃው አጠገብ ቁስሉን ስትጠርግለት፣ እዚያ ላይ ይቀይሩት። ሲጮህባት እሷም ትመልሳለች፤ ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንዲህ እንደማያመው ትነግረዋለች። «ዝም ብለህ ብትቀመጥ እንዲህ ባላመመህ!» ይበሉ። ከዚህ በፊት የነበረው «እርስዎ» ሁሉ ለዚህች ዓረፍተ ነገር ነው የተቆጠበው። በአማርኛ ሰው ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የሚወርደው በንቀት ብቻ አይደለም። በቅርበትም ነው። በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ሰው ፈጣሪውን «አንተ» ብሎ ነው የሚለምነው፤ ንጉሡን ግን «ጃንሆይ፣ ይማሩኝ» ይል ነበር። ከንጉሡ ፈጣሪ ስለሚያንስ አይደለም፤ ስለሚቀርብ ነው።

ክብር ደግሞ አጥርም ይሆናል። እብሪተኛው አዳኝ ጋስቶን ልጅቷን ሊያገባ ሲመጣ ሳትፈቅድለት «አንቺ» ይላታል። እሷ እስከ መጨረሻው ከ«እርስዎ» ንቅንቅ አትበል። በካርቱኑ አልመጥንህም በሚል ሰበብ ነው በጨዋ ደንብ የምታባርረው፤ «ይቅርታዎን፣ እኔ ለእርስዎ አልመጥንም» ሲባል እንዴት እንደሚያርቀው ይሰማዎታል። የተኳረፉ ባልና ሚስትም ሲቀዘቅዙ «እርስዎ» መባባል ይጀምራሉ አይደል? ስለዚህ ያ ልጅ «ልዑል ስለሆነ እርስዎ» ያለው ግማሹ ነው። ማዕረግ ብቻውን አይወስንም፤ ርቀትም ይወስናል።

የአገራችን ተረት ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለው፣ እሱንም ልጆቹ ያውቁታል። «አያ ጅቦ መጣ» እንላለን። «አያ» ለታላቅ የሚሰጥ መጠሪያ ነው፤ ግሡ ግን «መጣ» ነው እንጂ «መጡ» አይደለም። «እመት ጦጢትም» እንዲሁ «አለች» እንጂ «አሉ» አትባልም። ስሙ ላይ ክብር፣ ግሡ ላይ ቅርበት። ስለዚህ እርስዎ እንደ ተራኪ ስለ አውሬው ሲናገሩ «አውሬው መጣ፣ ተቆጣ፣ አዘነ» ማለት ይበቃዎታል፤ «አውሬው መጡ» ማለት የለብዎትም። «እርስዎ» የልጅቷና የአገልጋዮቹ አፍ ላይ ይቅር። ተራኪው የሚለውንና ገጸ ባሕሪው የሚለውን ካልቀላቀሉ ግማሹ ግራ መጋባት እዚያው ይጠፋል።

ዘፈኖቹን ይተረጉማሉ ብዬ አላስብም፤ ግን ከሞከሩ «እርስዎ»ን ይተዉት። አንደኛ ቃሉን ያረዝመዋል፤ «እወድሃለሁ» ዜማው ላይ ሲቀመጥ «እወድዎታለሁ» አንድ ፊደል ይተርፈዋል። ሁለተኛ፣ የእኛ ግጥም ራሱ ክብርን በተውላጠ ስም አይለካም። ቀረርቶና ፉከራ ንጉሡን በፈረስ ስሙ ጠርቶ በነጠላ ግሥ ነው የሚያወድሰው። በ2017 እ.ኤ.አ. የተሠራው አዲሱ ፊልም ለአውሬው ብቻውን የሚዘፍነው አዲስ ዘፈን ጨምሮለታል፤ ልጅቷን ወደ አባቷ ከለቀቃት በኋላ። ካርቱኑ ላይ ይህ አልነበረም። እዚያ ስለ እሷ ነው የሚዘፍነው እንጂ ለእሷ አይደለም፣ ሄዳለችና። «እሷ» ይበሉ፤ «እሳቸው» ካሉ ሐዘኑ ይደርቃል።

መጨረሻ ላይ ሰው ሲሆን ደግሞ ልጆቹ «አሁንማ ልዑል ሆነ፣ እርስዎ በይው» ይሉዎት ይሆናል። እሺ አይበሏቸው። በካርቱኑ ልጅቷ ይህን የማታውቀውን ቆንጆ ሰው ትጠራጠራለች፣ ዓይኑን ታያለች፣ ከዚያ ታውቀዋለች። «አንተ ነህ!» ነው የምትለው። ይህ የሚሠራው ከቁስሉ ጊዜ ጀምሮ «አንተ» ሲባል ከቆየ ብቻ ነው። «እርስዎ ነዎት!» ቢሉት ልጅቷ ያወቀችው ማዕረጉን ይመስላል።

የዕቃዎቹ ቀላል ነው። በአማርኛ ዕቃ ብዙውን ጊዜ «እሱ» ነው፤ ትንሽ ሲሆን፣ ወይም ስንወደው «እሷ» እንለዋለን። ያው የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሱቅ ውስጥ «በርጩማው» ነው፣ ልጅ ሆነን የተቀመጥንባት ግን «በርጩማዋ» ናት። ይህ ልማድ ግን ለሚናገር ዕቃ አይሠራም፤ የሚናገር ዕቃ ሰው ነውና ጾታው የሰውየው ነው። ሻማውና ሰዓቱ ወንዶች ናቸው፣ «እሱ» ይበሏቸው። ቁምሳጥኗ ሴት ናት። ማንቆርቆሪያዋ ልጅ ያላት ትልቅ ሴት ስለሆኑ እኔ ብሆን «እማማ ማንቆርቆሪያ» ብዬ «መጡ፣ አሉ» እላለሁ፤ «ጀበና» ብለውም ከቀየሩት የጅማ ልጆች ደስ ይላቸዋል እንጂ ተረቱ አይጎዳም። የሚያሳስተው ትንሹ ሲኒ ነው። ትንሽና የሚያሳዝን ስለሆነ አፍ «ሲኒዋ» ማለት ይቀናዋል። ግን ወንድ ልጅ ነው፣ መጨረሻ ላይም ወንድ ልጅ ሆኖ እናቱ ላይ ይጠመጠማል። ከመጀመሪያው «ሲኒው» ካላሉት ልጆቹ «ሲኒዋስ የት ሄደች?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።