መናገሻ ላይ ፎቶ ያነሳሃት ወፍ ቺፍቻፍ ናት

ወንድሜ፣ በጥር ወር መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ያነሳሃት ትንሽ ነፍሳት ለቃሚ ወፍ ቺፍቻፍ ናት ወይስ ዊሎው ዋርብለር ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር፤ ሁለቱም ከሰሜን መጥተው የሚመለሱ ተጓዥ ወፎች ናቸው። ከሦስቱ ፎቶዎች እንደሚታየው ቺፍቻፍ ናት።

ቀለሟን ለጊዜው ተወው። ሁለቱም ከላይ አረንጓዴ የቀላቀለ ቡኒ፣ ከሥር ነጣ ያሉ ናቸው። ጥላ ውስጥ ደግሞ የቅጠሉ ነጸብራቅ ሆዷን ቢጫ ያስመስለዋል፤ ብዙ ሰው «ዊሎው ናት» ብሎ የሚሳሳተው በዚህ ነው።

ሁለተኛውን ፎቶ አጉላና የታጠፈውን ክንፍ እይ። ጀርባዋ አጠገብ ተደራርበው የተኙ አጫጭር ላባዎች አሉ፤ እነሱ ካለቁበት ወደ ጅራቷ አልፎ የሚወጣ የረጃጅሞቹ ላባዎች ጫፍ ይታያል። አንተ ያነሳሃት ላይ የወጣው ክፍል የአጫጭሮቹን ርዝመት ግማሽ ቢያህል ነው፤ ይህ የቺፍቻፍ ክንፍ ነው። ዊሎው ዋርብለር እስከ ደቡብ አፍሪካ ስለምትጓዝ ክንፏ ይረዝማል፤ የወጣው ክፍል ሦስት አራተኛውን ያህላል፣ አንዳንዴም እኩል ይሆናል። ይህን የምትለካው ግን ወፏ ጎኗን ሙሉ በሙሉ ሰጥታ፣ ክንፏን ሰብስባ ስትቆም ብቻ ነው። ትንሽ ዞር ካለች ወይም ክንፏን ካንጠለጠለች ልኬቱ ይዋሻል።

እግሯ ጥቁር መሆኑም ይደግፈዋል፤ የዊሎው አብዛኛውን ጊዜ ፈዛዛ ቡኒ ነው። ብርሃን ከኋላ ሲመጣ ግን ማንኛውም እግር ይጠቁራልና በእግር ብቻ አትፍረድ። የቺፍቻፍ ቅንድብ (ከዓይኗ በላይ ያለው ፈዛዛ መስመር) አጠር ደብዘዝ ያለ ነው፤ ከዓይኗ ሥር ያለችው ነጭ ግማሽ ቀለበት ግን ጎልታ ትታያለች።

ሌላ ጊዜ አጭር ቪዲዮም አንሳ። ቺፍቻፍ ነፍሳት ስትለቅም ጅራቷን ወደ ታች ሳታቋርጥ ትነቀንቃለች፤ ይህን ፎቶ አያሳይም። ድምፅም ቅዳ፦ የእሷ ጥሪ አንድ ወጥ «ሁዊት» ሲሆን የዊሎው «ሁ-ኢት» ተብሎ ለሁለት ይከፈላል።

ወሩም ይረዳል። ዊሎው በብዛት የምታልፈው ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ስትመለስም በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ቺፍቻፍ ግን በጋውን ደጋ ደኖቻችን ውስጥ ትከርማለች።

እዚያው ደን ዓመቱን ሙሉ የምትኖር ሦስተኛ አለች፤ ብራውን ዉድላንድ ዋርብለር። ፊቷና ቅንድቧ ወደ ቀይ ያደላ ቡኒ፣ የክንፏ ጠርዝ ደማቅ አረንጓዴ ነው። በሐምሌ ዝናብ ውስጥ ተመሳሳይ ወፍ ካየህ ሁለቱ መንገደኞች አገር ውስጥ የሉምና መጀመሪያ እሷን አስብ።