ምላስ የሚቆነጥጠው ነጭ ወይን

እህቴ፣ ኧረ እንዳትደፊው! ከፈረንሳይ ያመጡልሽ ሙስካዴ የሚባለው ነጭ ወይን ምላስሽን ቆንጠጥ ስላደረገሽና ስለጎመዘዘሽ «ተበላሽቶ ይሆን?» ብለሻል። አልተበላሸም፣ ጠባዩ ነው።

እኔም የሙስካዴ አገር የሆነችው የፈረንሳይ ከተማ ናንት በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት እንዳንቺ ተደናግሬያለሁ። ለወይን ለቀማ የሄድኩበት ገበሬ ራሱ ተክሎ፣ ራሱ ጠምቆ፣ ራሱ የሚያሽግ ሰው ነበር። ማታ ላይ ከወለሉ ሥር ከተሠራ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ገና ያልታሸገ ያለፈ ዓመት ወይን ቀዳልን። ደፍረስ ያለ ነው። አክሱሚት ለለመደ ምላስ ጉድ ነው! ፊቴ ጭምድድ ሲል አይቶ ሳቀና «ቶሎ አትዋጠው፣ አፍህ ውስጥ ያዘው» አለኝ። ያዝኩት። መጀመሪያ ሎሚ፣ ቀጥሎ ሊጥ ሊጥ የሚል ነገር፣ ከዋጥኩት በኋላ ደግሞ ከንፈሬ ላይ ጨው ጨው አለኝ።

ነገሩ ያለው አተላው ላይ ነው። ጠርሙሱ ላይ «ሱር ሊ» የሚል ካለ «በአተላው ላይ» ማለት ነው። ጠላ ሲጠመቅ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። እርሾው ሥራውን ጨርሶ ሲዘቅጥ ወይኑን አያጠሩትም፤ የብርዱን ወራት እላዩ ላይ ተኝቶ ያሳልፋል። ከማርች 1 በፊት ማሸግም ክልክል ነው። ከፍላቱ የተረፈችው ጋዝ ናት ምላስሽን የነካችው።

ስሙ ሙስካትን (ብዙ ጊዜ ጣፋጭ ወይን የሚወጣውን የወይን ዘር) ስለሚመስል ጣፋጭ የሚጠብቅ ብዙ ነው። ምንም ዝምድና የላቸውም። የዚህኛው ፍሬ ሜሎን ደ ቡርጎኝ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1709 ውርጭ የናንትን ወይን ሲፈጅ፣ ብርድ ስለሚችል እሱን በብዛት ተከሉት። ሽታው ግን ዓይን አፋር ነው፤ ብርጭቆው ውስጥ አፍንጫሽን ካልከተትሽ አይመጣም።

ከፍሪጅ እንዳወጣሽ አትጠጪው። ሩብ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ይቆይ፤ 10 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። በጣም ሲቀዘቅዝ የሚተርፍሽ ጉምዛዜው ብቻ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ብቻውን አልወደውም። እዚያ ከጥሬ ኦይስተር (ቅርፊት ካለው የባሕር እንስሳ) ጋር ነው የሚጠጡት (እኔ እስካሁን አልደፈርኩም)። አሳ ጥብስ ግን አቤት ሲሄድለት! ሎሚውን ተዪው፣ ወይኑ ራሱ ሎሚ ነው። ሚጥሚጣም አታብዢ።

ጠርሙሱ ሥር እንደ ስኳር ቅንጣት ያለ ነገር ብታዪ አትደንግጪ፤ ከወይኑ አሲድ የሚመጣ ነው፣ አይጎዳም። አቼቶ አቼቶ ወይም እርጥብ ካርቶን ከሸተተሽ ግን ያኔ ድፊው።