«የእርጅና ነው» ተብለን ተመለስን

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመታቸው ነው። ነገር መርሳት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ሌሊት ተነሥተው በር ይከፍታሉ፣ ቡናው ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ ጀበናውን እንደገና ይጥዳሉ፣ እኔንም በሟች አክስቴ ስም ይጠሩኛል። ሐኪም ቤት ብወስዳቸውም «የእርጅና ነው» ተብለን ተመለስን። ምን ላድርግ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ ይበልጥ ያሳሰበኝ «ካለፈው ወር ወዲህ» ያሉት ነው። አልዛይመርን የመሰለ የመርሳት ሕመም በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ የሚጠና ሲሆን፣ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ የመጣ ለውጥ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ መነሻ አለው፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት፣ ወይም ሰው ከቁብ ሳይቆጥረው ባለፈ መውደቅ ምክንያት በአንጎል ሽፋን ሥር የተጠራቀመ ደም ሊሆን ይችላል። እነዚህ የሚታከሙ ናቸውና በዚህ ሳምንት መልሰው ይውሰዷቸው፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው፣ ንግግራቸው ከተኮላተፈ ወይም አንድ ጎናቸው ከደከመ ደግሞ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ያድርሷቸው።

በተመላላሽ ክፍል ሐኪሙ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ ለውጡ መቼ እንደጀመረና ወድቀው እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፈው ይያዙ። «ይረሳሉ» ከማለት የጀበናውን ነገር እንዳለ መናገር ይሻላል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም ጭምር፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ በአረጋውያን ላይ ግራ መጋባትን ያባብሳሉ። ሐኪም ሳያማክሩ ግን አያስቁሟቸው።

እናትዎ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ነጠላቸውን አስተካክለው «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለታቸው አይቀርም። እርሳቸው ባሉበት ማስተባበል ክብራቸውን ይነካልና ወረቀቱን አስቀድመው ለሐኪሙ ይስጡ። እናትዎ ፊደል ካልቆጠሩም ይህንኑ ለሐኪሙ ይናገሩ፤ ማንበብና መጻፍ የሚጠይቅ የማስታወስ ፈተና ያለ ጥፋታቸው ዝቅተኛ ውጤት ያሰጣቸዋል።

የታይሮይድ፣ የቫይታሚን ቢ 12 እና የስኳር ምርመራ እንዲታዘዝ፣ ሲቲ ስካን ያስፈልግ እንደሆነም ይጠይቁ። ሪፈር ካስፈለገ በጥቁር አንበሳ የነርቭ ሐኪሞች አሉ፤ የአማኑኤል ሆስፒታልን ስም ፈርተው የሚቀሩ ቤተሰቦች ብዙ ቢሆኑም፣ የአእምሮ ሐኪም ማየት ለእናትዎ ነውር አይደለም። በመጨረሻ አልዛይመር ነው ቢባል፣ ዶኔፔዚል የተባለው መድኃኒት ምልክቶቹን ለተወሰነ ጊዜ ሊያስታግስ ይችላል እንጂ አያድንም።

እስከዚያው ከምድጃ አጠገብ ብቻቸውን አይተዉአቸው። ቡናውን ግን አይከልክሏቸው፤ ሲያፈሉ አብረዋቸው ይቀመጡ።