የፍሪጃችን የሌሊት ድምፅ

ጥያቄ፦ በቅርቡ የገዛነው ፍሪጅ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ውኃ እንደሚፈላ ዓይነት ድምፅ ያሰማል፤ አንዳንዴም ጧ ስለሚል እናቴ ደንግጣ ከሶኬቱ ትነቅለዋለች። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገለጹልን ሁለቱም የጤነኛ ፍሪጅ ድምፆች ናቸው። ኮምፕሬሰር የሚባለው የፍሪጁ ሞተር የጨመቀው ጋዝ ወደ ፈሳሽነት ተለውጦ በጣም በቀጠነ ቱቦ ካለፈ በኋላ፣ ከውስጠኛው ክፍል ሙቀት እየሳበ መልሶ ይተናል፤ ሞተሩ ሲቆምም ከቀጭኑ ቱቦ በሁለቱ ወገን ያለው ግፊት እስኪመጣጠን ድረስ ፈሳሹ መፍሰሱን ስለማያቋርጥ ነው እሳት ላይ እንዳለ ጀበና የሚንተከተከው። ጧ የሚለው ደግሞ ፕላስቲኩ ቅዝቃዜና ሙቀት ሲፈራረቅበት ሲኮማተርና ሲለጠጥ ነው።

እናትዎ ግን ባይነቅሉት እመክራለሁ። ነቅሎ ወዲያው መሰካት ግፊቱ ሳይመጣጠን ኮምፕሬሰሩን ስለሚያስጨንቀው፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ቢሆን ቢያንስ 5 ደቂቃ መታገሥ ይገባል። በእርግጥ ሊያሳስብዎ የሚገባው ጠቅ የሚል ድምፅ በየጥቂት ደቂቃው እየተደጋገመ ሞተሩ ሳይነሣ ሲቀር ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ የመብራቱ ኃይል ከ220 ቮልት በእጅጉ መውረዱን ወይም የሞተሩ ማስነሻ መበላሸቱን ስለሚያመለክት፣ ያን ጊዜ ነቅለው ባለሙያ ይጥሩ። የሚንቀጠቀጥ ከሆነም አራቱ እግሮቹ ወለሉን እኩል መርገጣቸውንና ጀርባው ግድግዳውን አለመንካቱን ይመልከቱ።