የቀዘቀዘው መንገድ የማን ነው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ታውንሃውስ ገዝተን ከገባን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። እናቴ ከደሴ መጥታ ከእኛ ጋር ናት። እሑድ ታኅሣሥ 27 ማታ፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 5 ቀን 2025፣ ስኖው መጣል ጀመረ። ሰኞም ሲጥል ዋለ። ማክሰኞ፣ የገና ዕለት፣ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሠራተኞች መጡና ከመኪና ማቆሚያው ወደ ቤታችን የሚያመጣውን መንገድ ጠረጉ። የጠረጉትን ከመንገዱ ከፍ ብሎ ባለው ሣር ላይ ከመሩትና ሄዱ።

በማግስቱ መንገዱ መስታወት ሆነ። ማኅበሩን ለሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ለማኔጅመንቱ፣ ደወልኩ። «መንገዱ ላይ ስኖው አለ» አልኳቸው። «ተጠርጓል» አሉኝ። ሐሙስ ጥር 1 ጠዋት እናቴ ለልደታ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ስትወጣ ወደቀች። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ሆስፒታል ስንጠብቅ «እዚህ አገር ወጌሻ የለም ወይ?» ስትለኝ አለቀስኩ። አሁን እጇ በጄሶ ነው። ነጠላዋን የማለብሳት እኔ ነኝ።

ኢሜይል ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ ሦስት መስመር ነው። ኮንትራክተሩ የሚመጣው ስኖው 2 ኢንች ሲሞላ ነው፣ ከሰኞ ወዲህ ደግሞ ያን ያህል አልጣለም ይላል። እኛ ለማኅበሩ በየወሩ 165 ዶላር እንከፍላለን። ባለቤቴ «ከእንግዲህ አንድ ሳንቲም አያገኙም» ብሏል። እኔ ደግሞ ማኅበሩን የሚመሩትን የቦርዱን ሰዎች፣ ጎረቤቶቻችንን፣ ሳያቸው ሰላም ማለት አቅቶኛል። ምን ላድርግ? መንገዱስ የማን ነው?

የእናቷ ልጅ

መልስ

እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማራቸው። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ወጌሻዋ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

በመጀመሪያ ክፍያውን አታቁሙ። የባለቤትሽ ንዴት ይገባኛል፤ ግን ይህን ነገር በጣም ጠንክሬ ነው የምለው። ሜሪላንድ ውስጥ ያልተከፈለ የማኅበር ክፍያ ቤቱ ላይ የዕዳ እገዳ ያስመዘግባል። ወለድና የጠበቃ ወጪ ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ ስለ መንገዱ የሚያወራ ሰው አይኖርም። ወሬው ሁሉ ስለ እናንተ ዕዳ ይሆናል። ከሳሽ ሆናችሁ ጀምራችሁ ተከሳሽ ትሆናላችሁ። የጃንዋሪውንም የፌብሩዋሪውንም ክፈሉ፤ ደረሰኙንም ያዙ።

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። «ስኖው አለ» ነው ያልሽው። እኛ በአማርኛ የሰማዩንም የመሬቱንም በረዶ እንላለን። ከሰማይ እንደ ጥጥ የሚወርደውም፣ መሬት ላይ እንደ ድንጋይ የሚጠጥረውም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውም በረዶ ነው። እዚህ አገር ግን ስኖውና አይስ ሁለት ነገር ናቸው። በኮንትራት ላይ ደግሞ ሁለት የተለያየ ዋጋ ናቸው። አንቺ «ስኖው» ስትያቸው መዝገባቸውን አዩ፤ ስኖው ማክሰኞ ተጠርጓል። ስለዚህ «ተጠርጓል» አሉሽ። አልዋሹሽም፤ ወጥተውም አላዩልሽም። ከእንግዲህ «አይስ» በያቸው። «ቀልጦ መልሶ የቀዘቀዘ አይስ» በያቸው። ይህች አንዲት ቃል ብዙ ነገር ትቀይራለች።

ያ የ2 ኢንች ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አብዛኛው የስኖው ጠረጋ ውል የሚቀሰቀስበት ልክ አለው፤ 1 ኢንች ወይም 2 ኢንች። ከዚያ በታች ከሆነ ሠራተኛው አይመጣም። ቀን ፀሐይ ያቀለጠው ውሃ ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አዲስ ስኖው ስላልጣለ ልኩ አይሞላም። ለዚያ ለብቻው ካልተዋዋሉ ማንም አይመጣም። የእናንተ ማኅበር ያላደረገው ይህንን ይመስለኛል። ምናልባት ብር ለመቆጠብ ነው፤ ምናልባትም ማንም ስላላሰበበት ነው። ውሉን ጠይቂና አንብቢው። በሜሪላንድ ሕግ ባለቤት የማኅበሩን መዝገቦች የማየት መብት አለው። በጽሑፍ ጠይቂ።

ውሉ ግን በማኅበሩና በኮንትራክተሩ መካከል ነው። አንቺን አያስርም፤ ሕጉንም አይሽርም። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሕግ ስለ 2 ኢንች አያወራም። ስኖውም አይስም ይላል። መጣሉ ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ ለእግረኛና ለዊልቸር የሚበቃ መተላለፊያ መጠረግ አለበት ይላል። አይሱ ጠጥሮ አልነሳ ካለም እግር እንዳያንሸራትት በቂ አሸዋ ወይም ጨው መበተን ግዴታ ነው። ግዴታው የንብረቱ ባለቤትም፣ የሚያስተዳድረውም ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሱ የከተማ አስተዳደር ስለሌለው የሚገዛችሁ ይኸው የካውንቲው ሕግ ነው። ሮክቪል ወይም ጌዘርስበርግ ብትሆኚ ኖሮ የከተማውን ደንብ እንድታዪ እነግርሽ ነበር።

መንገዱ የማን ነው ላልሽው፣ ቤቱን ስትገዙ የተሰጣችሁን የወረቀት ክምር አውጪ። «ዲክላሬሽን» የሚለውን የማኅበሩን መመሥረቻ ሰነድና የቦታውን ፕላን ፈልጊ። መንገዱ «ኮመን ኤሪያ»፣ የጋራ ቦታ፣ ከሆነ የማኅበሩ ነው። ከበራችሁ ደረጃ ጀምሮ ያለችው አጭር ንጣፍ ግን ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቦታ ላይ ነው የምትሆነው። እናትሽ የወደቁበት የትኛው ላይ እንደሆነ አሁኑኑ ለይተሽ እወቂ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ቤታችሁ የሚመጣው የጋራ መንገድ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ግን በግምት ደብዳቤ አይጻፍም።

እኔም እዚሁ ካውንቲ ውስጥ በምኖርበት ማኅበር ቦርድ ላይ አራት ዓመት ተቀምጫለሁ። የፖስታ ሣጥኖቹ ጋ የሚሄደው መንገድ በየክረምቱ ይቀዘቅዝ ነበር። በዱላ የሚሄዱ አንድ አዛውንት ጎረቤት ሦስት ጊዜ ደወሉልን። ሦስቱንም ጊዜ ጨው ይበተን ብለን አዘዝን። ጨው ተበተነ፤ በማግስቱ መልሶ ቀዘቀዘ። በአራተኛው ሳምንት አዛውንቱ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ወደዚያ ቤት አልተመለሱም። ከዚያ በኋላ ነው ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ እያለች፣ ወጥተን ቆመን ያየነው። ከጣሪያው አሸንዳ የሚወርደው ቱቦ አፉ በቀጥታ ወደ መንገዱ ዞሯል። ቀን የጣሪያው በረዶ ይቀልጣል፤ ውሃው መንገዱ ላይ ይፈሳል፤ ማታ ይጋገራል። ቱቦውን ከመሬት በታች አሳልፎ ወደ ሣሩ ማዞር የአንድ ቀን ሥራ ነበር። አንድ ቀን! ያንን ሳስብ አሁንም ያመኛል። ሰውየው የሚደውሉት ስለ ጨው አልነበረም፤ እኛ ነን ጨው ብለን የሰማነው።

ስለዚህ አንቺም ነገ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ውጪና እይ። ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? ከደብዳቤሽ እንደሚገባኝ የተከመረው ስኖው ከመንገዱ በላይ ነው። ቁልቁል እየቀለጠ ይፈሳል ማለት ነው። ክምሩ ከመንገዱ በታች ቢሆን ኖሮ እናትሽ ምናልባት ልደታን ስመው ይመለሱ ነበር። ቀን ውሃው ሲፈስ ፎቶ አንሺ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ያንኑ ቦታ ከዚያው አቅጣጫ ድጋሚ አንሺ። ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ከአንድ ገጽ ቁጣ ይበልጣሉ።

ከዚያ ጻፊ። በስልክ አይደለም። ለማኔጅመንቱም ለቦርዱም በአንድ ኢሜይል። አጭር ይሁን። ቦታው የት እንደሆነ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ አይስ እንደሆነ፣ ረቡዕ መደወልሽን፣ ሐሙስ ሰው መውደቁን ጻፊ። የካውንቲውን ሕግ ጥቀሺ። ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ዛሬ ጨውና አሸዋ ይበተን፣ ክምሩ ይነሳ፣ የጠረጋው ውል ቅጂ ይላክልኝ። መልስ የምትጠብቂበትን ቀን ወስኚ። እናትሽ እንዴት እንደወደቁ ግን እዚያ ላይ በዝርዝር አትተርኪ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ሜሪላንድ ጨካኝ ሕግ አላት። የተጎዳው ሰው ለጉዳቱ ጥቂትም ቢሆን የራሱ ጥፋት ካለበት ካሣ ላያገኝ ይችላል። ሌሎች ብዙ ስቴቶች ጥፋቱን ያካፍላሉ፤ እዚህ ግን የለም። «ምን ጫማ አድርገው ነበር? አይስ እንዳለ ያውቁ ነበር?» ይባላል። በሌላ በኩል የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2011 በሰጠው ውሳኔ፣ ዓይን የማያየውን ብላክ አይስ ሰው አውቆ እንደረገጠው ተቆጥሮ ጉዳዩ በቀላሉ አይዘጋም ብሏል። አንቺ ረቡዕ አይተሽዋል። እናትሽስ ነግረሻቸው ነበር? ይህ የጠበቃ ጥያቄ ነው። የጉዳት ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ የመጀመሪያውን ምክር ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጣል። ክስ ለመመሥረት በጠቅላላው ሦስት ዓመት አላችሁ። ቢሆንም ፎቶና ምስክር አሁን ነው የሚሰበሰበው፤ አይሱ ሲቀልጥ ማስረጃሽም አብሮ ይቀልጣል። የሆስፒታሉን ቢልና የዚያን ቀን ጫማቸውን አስቀምጪ። የማኅበሩ ኢንሹራንስ፣ ማን አጠፋ ሳይል፣ አነስ ያለ የሕክምና ወጪ የሚሸፍንበት ክፍል ብዙ ጊዜ ይኖረዋል። እናትሽ በቪዛ የመጡ ከሆነና ኢንሹራንስ ከሌላቸው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጠበቃው እንዲጠይቅላችሁ አድርጊ።

ማኅበሩ ዝም ካለሽ ወደ ካውንቲው የአገልግሎት መስመር፣ 311፣ ደውይ። የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችያለሽ። ሌላም አለ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ እንዲህ ያሉ የማኅበርና የባለቤት ጠቦችን የሚሰማ ኮሚሽን አለው፤ የጋራ ባለቤትነት ማኅበረሰቦች ኮሚሽን ነው። መጀመሪያ ግን በማኅበርሽ ደንብ መሠረት አቤት ማለት አለብሽ። ያንን ከጀመርሽ 60 ቀን ካለፈ በኋላ ወደ ኮሚሽኑ መሄድ ይቻላል። ለዚህም ነው ጻፊ የምልሽ። በስልክ የተባለ ነገር ቀን የለውም፤ 60 ቀን ከየት ተነስቶ ይቆጠራል?

ስለ ጎረቤቶችሽ። የቦርድ አባል ደመወዝ የለውም። ከሥራ ደክሞ መጥቶ ማታ ቢል የሚፈርም ሰው ነው። በካውንቲው ሕግ ሥልጠና መውሰድ አለባቸው፤ ቢሆንም ሥልጠና ስለ እናትሽ እጅ አይነግራቸውም። ከኢሜይሉ በኋላ አንዷን ወይም አንዱን ሰላም በይና ወደ መንገዱ ውሰጃቸው። በእግራቸው ይቁሙበት። እኛ ያኔ አንድ ሰው እንዲህ እጃችንን ይዞ ወስዶን ቢሆን ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ለዛሬ ማታ ግን ማንንም አትጠብቂ። ተራው የመንገድ ጨው ቅዝቃዜው ወደ 15 ፋራናይት፣ ከዜሮ በታች 9 ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ሲወርድ አቅም ያጣል። በዚህ በጃንዋሪ 2025፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ እንኳ በብርዱ ምክንያት ወደ አዳራሽ በገባበት ወር፣ ከረጢቱ ላይ ካልሲየም ክሎራይድ የሚል ፈልጊ። ከዚያም በከፋ ብርድ ይሠራል። ጨው አታብዢ፤ አንድ ትልቅ የቡና ማግ ለ10 የእግረኛ ንጣፍ ይበቃል። የተረፈው ወደ ወንዙ፣ ወደ ስላይጎ ክሪክ፣ ነው የሚወርደው። አሸዋ ካለሽ በላዩ በትኚ። አሸዋ አያቀልጥም፤ እግርን ግን ይይዛል። ለእናትሽ ደግሞ ጫማ ላይ የሚጠለቅ ባለ ጥርስ ጎማ ግዢላቸው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያወልቁታል።

የጠረጋው ውል ብዙ ጊዜ የሚፈረመው በመስከረም አካባቢ ነው፤ በእኛ አዲስ ዓመት፣ ስለ በረዶ ማንም በማያስብበት ጊዜ። እኔ ቦርድ ላይ በነበርኩባቸው አራት ዓመታት በዚያ ስብሰባ ላይ ከቦርዱ ውጪ የመጣ ሰው አላየሁም። በረዶው የሚወሰነው ግን ያን ዕለት ማታ ነው። ቀኑን ዛሬ ጠይቂና ስልክሽ ላይ መዝግቢ። ሁለቱን ፎቶዎች ይዘሽ ሂጂ። ንግግር ሲፈቀድልሽ ተነሺና ጠይቂ፦ ስኖው ሳይጥል ውሃው ሲቀዘቅዝ ማን ነው የሚመጣው? በስንት ሰዓት ውስጥ? የትኛው ገጽ ላይ ተጽፏል?