ቁልቢን ስቀርጽ ያለቀስኩት ጸጋ ነው ወይስ ስሜት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ካሜራማንና ኤዲተር ነኝ፤ ሠርግ፣ ምርቃት፣ ተዝካር፣ ማስታወቂያ፣ የተገኘውን እሠራለሁ። ካደግኩ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን እምብዛም አልሄድም ነበር። ባለፈው ታኅሣሥ 19 ለሥራ ቁልቢ ገብርኤል ሄጄ፣ አንዲት እናት ድንጋይ ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ ቀረጽኩ። ከዚራ ሰፈር ያለው ቢሯችን ውስጥ ሌሊት ኤዲት ሳደርግ ፊታቸውን ሳይ እንባዬ መጣ፤ ማቆም አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ጀምሬያለሁ። ይህ ጸጋ ነው ወይስ ስሜት? ታላቅ ወንድሜ “ፊልም የሰይጣን ሥራ ነው፣ ተወው” ይለኛል። ደግሞ ቅዳሴ የምገባው ለቀረጻ ብቻ ነው፤ እንዳስቀደስኩ ይቆጠርልኛል? ከቁልቢው ሥራ ያገኘሁትን ገንዘብስ ልጠቀምበት ወይስ ለቤተ ክርስቲያን ልስጠው?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ከወንድምህ ልጀምር፤ እሱ ይቀላል።

ወንድምህ እንዲህ ሲል የመጀመሪያው ሰው አይደለም። ሲኒማ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን ሕዝቡ ማሳያውን “የሰይጣን ቤት” ብሎት ነበር። ጨለማ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰው ሲሮጥ ያየ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግን ወንድምህም ዛሬ ስብከት የሚሰማው ከስልኩ ላይ ይመስለኛል፤ ያንን የቀረጸው ማን ነው በለው። ዘጸአት 31ንም አንብብለት። እግዚአብሔር “የእግዚአብሔርን መንፈስ ሞላሁበት” ያለው ስለ ባስልኤል ነው። ባስልኤል ካህን አልነበረም፤ ከይሁዳ ነገድ የተወለደ፣ ወርቅ የሚሠራ፣ እንጨት የሚጠርብ የእጅ ባለሙያ ነበር። ሙያ ከላይ ሊሰጥ እንደሚችል ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? በካሜራ ኃጢአት የሚሠራ የለም ማለቴ አይደለም፤ ሞልቷል። እሱ ላይ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ እንባህ። ሉቃስ 19 ላይ ያለውን ዘኬዎስን ታስታውሰዋለህ። ቁመቱ አጭር ነው፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። ጌታን ለማየት ሮጦ ሾላ ላይ ወጣ። የፈለገው ማየት ብቻ ነበር። አንተስ አንግል ፍለጋ ስንት አጥርና ስንት የአይሱዙ ጣሪያ ላይ ወጥተሃል? ጌታ ታዲያ “ዛፍ ላይ ምን ትሠራለህ” ብሎ አላሳፈረውም። በስሙ ጠራው። “ፈጥነህ ውረድ፣ ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛልና” አለው። ያ ሰው እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ቢቀር ኖሮ ጌታን አይቶ ወደ ቤቱ የሄደ አንድ ቀራጭ ሆኖ ይቀር ነበር። ወረደ፣ ጌታን ቤቱ አስገባ፣ ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች ሰጠ፣ የበደለውን አራት እጥፍ መለሰ። መዳን ለቤቱ ሆነ የተባለው ከዚህ በኋላ ነው።

ስለዚህ ያ ሌሊት መጠራት ነው እልሃለሁ። የእግዚአብሔር ጸጋ ሰውን የሚቀሰቅስበት ቦታ አይመርጥም፤ ኮምፒውተር ፊት መሆኑ አያሳፍርም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ጸጋን የምትሰጠው ጥምቀትን፣ ንስሐንና ቁርባንን በመሰሉት በሰባቱ ምሥጢራት ነው። እንባ ከእነሱ ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ ቀጣዩ እርምጃህ ሌላ ቪዲዮ ሳይሆን የንስሐ አባት ነው። ከሌለህ በአቅራቢያህ ባለው አጥቢያ ካህን ጠይቅ፤ ዕድሜህና ሥራህ ምንም ይሁን የሚያባርርህ የለም። ከዚያ በንስሐ ተዘጋጅተህ፣ 18 ሰዓት ጾመህ ሥጋ ወደሙ ትቀበላለህ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። ስታለቅስ ከሥሩ ሙዚቃ ነበረበት? ስሎው ሞሽን አድርገኸው ነበር? ይህን የምልህ እንባህን ለማርከስ አይደለም። አንተ የሙያው ሰው ነህ፤ በገና ከሥር አስገብቶ፣ ፊት አቅርቦ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ ሰው ማስለቀስ እንደሚቻል ከእኔ የተሻለ ታውቃለህ። እስቲ ጥሬ ቀረጻውን ድምፁን አጥፍተህ እየው። ልብህ አሁንም ከተነካ ደስ ይበልህ። ባይነካም አትደንግጥ። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች የመንፈስን ፍሬ ሲዘረዝር ፍቅር፣ ደስታ፣ ሰላም፣ ትዕግሥት እያለ ይቀጥላል፤ እንባ የሚል የለበትም። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ረዳትህ ኬብል ሲረሳ የምትጮህበት ቀንሷል? ለደንበኛ “ነገ ይደርሳል” ብለህ መዋሸት ትተሃል? ስሜትና ጸጋ የሚለዩት እዚያ ነው።

በካሜራ ስለሚሠራ ኃጢአት እመለሳለሁ ያልኩት ይኸው። በዚህ ዘመን ጠበል ቦታ ካሜራ ተደቅኖ የምናየው ነገር ያሳዝነኛል። መንፈስ ያደረበት ሰው ልብሱ ተገልጦ ሲንፈራገጥ ይቀረጻል፤ ፊቱ ሳይሸፈን ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ከሳምንት በኋላ ያ ሰው ድኖ ሰፈሩ ሲመለስ ልጆች በጣት ይጠቁሙታል። የስንት ልጃገረድ ትዳር በዚህ ሳይበላሽ አልቀረም። አንዳንዱማ የማይገናኘውን ቆርጦ ይቀጥልና “ተአምር” ይለዋል። ወንድሞቼ፣ ይህ ምስክርነት አይባልም፤ በሰው ስቃይ ቪው መሸመት ነው። አንተ እንዲህ ያለ ሥራ ቢመጣልህ፣ ብሩ የቱንም ያህል ቢሆን አይሆንም በል።

ይህን ካልኩህ ዘንድ፣ ስለ እኚያ እናትም አስብ። ድንጋዩን የተሸከሙት ስለት ኖሮባቸው ነው። ራስ መኮንን ዐድዋ ሲዘምቱ ተስለው እንዳሠሩት በሚነገርለት ደብር፣ የደንገጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቶ የሚሄደው ሕዝብ ሁሉ ከመልአኩ ጋር የየራሱ ጉዳይ አለው። አንዱ ጥላ ያገባል፣ አንዱ በስለት ያገኘውን ልጅ ክርስትና ያስነሣል። የእኚያን እናት ፊት ለዓለም ከማሳየትህ በፊት ማስፈቀድ ነበረብህ። ልታገኛቸው ካልቻልክ ከሩቅ ወይም ከጀርባ የተነሣውን ተጠቀም፤ ፊታቸውን ለራስህ ያዘው። “እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ” ብለህ ዳገቱን እንደገና አስወጥተሃቸው ከሆነ ደግሞ ለንስሐ አባትህ ንገር።

ስለ ፊት ካነሣን፣ ለሙያህ የሚጠቅም ነገር አለ። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሥሉታል። ሰይጣንንና ክፉውን ሰው ከጎኑ፣ በአንድ ዓይን ነው የሚሥሉት። ማንን እንዴት ማሳየት እንዳለባቸው አስበውበታል። ታዲያ በየባጃጁ መስታወት ላይ የጌታ ነው ተብሎ የተለጠፈውን ሥዕል አይተሃል? አንዳንዱ እኮ ፊልም ላይ ጌታን ሆኖ የተወነ ሰው ነው! በስቅለት ቀን ቴሌቪዥን ላይ ሕማማቱን አይቶ ልቡ የተነካ ሰው አይወቀስም። ጸሎት ለማድረስ ሲቆም ግን ተዋናዩ ፊት ሳይሆን ሥርዓቱን ጠብቆ በተሣለ ቅዱስ ሥዕል ፊት ይቁም። ፖስተር ዲዛይን አድርግ ሲሉህም ይህን አትርሳ።

ቅዳሴውን በተመለከተ፣ ለቀረጻ መግባት ማስቀደስ አይደለም። ዲያቆኑ “እለ ትነብሩ ተንሥኡ” (የተቀመጣችሁ ተነሡ) ይላል፤ ቀጥሎ “ውስተ ጽባሕ ነጽሩ” ብሎ ሁሉም ወደ ምሥራቅ እንዲመለከት ያዛል። በዚያች ሰዓት አንተ የሰው ፊት ለመቅረጽ ጀርባህን ለመቅደሱ ሰጥተህ ቆመሃል። ሕዝቡ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ አንተ ብቻ ወደ ሌላው። መፍትሔው ሥራ መተው አይደለም። ለአጥቢያው አስተዳዳሪ ቀድመህ ንገርና አስፈቅድ። ካሜራህን ትራይፖድ ላይ አስረህ ሰፊ ሾት ያዝና ዞረህ ጸልይ። መጋረጃው ሲዘጋ ያንተም ይዘጋ፤ ቅድስቱን (መካከለኛውን ክፍል) አልፎ ወደ መቅደስ የሚቃኝ ሌንስ አይኑርህ። እንደዚያም ሆኖ ልብህ ባትሪው ላይ መቆየቱ አይቀርም። ስለዚህ ቢያንስ አንዳንድ እሑድ ካሜራውን ቤት ትተህ ና። ሠርግ ይበዛል እንዳትለኝ፤ በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም።

ገንዘቡ? ጌታ ራሱ “ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል” ብሏል። አሥራቱን አውጣ። ዳገቱ ላይ ሳለህ “ይህን ለገብርኤል” ብለህ በልብህ ተስለህ ከሆነ ሳትዘገይ አግባ። አልተሳልክም ከሆነ የላብህ ዋጋ ነው፤ የቤት ኪራይ ክፈልበት፣ የቆየ ዕዳ ካለብህ መልስ፣ ማይክህ ከተበላሸም ግዛበት።