«ለሁሉም ሲቪቲ ይሆናል» የተባለ ዘይት አስቀይሬ ዋስትና ተከለከልኩ፤ ማንን ልክሰስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጠበቃችን። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሲቪቲ የሚባል አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው አዲስ መኪና ገዛሁ። በአዘቦት ቀን ቤተሰቤን አመላልስበታለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ኡበር እሠራበታለሁ። 47,000 ማይል ሄዷል። የካምቢዮው ዋስትና አምስት ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው። ከሦስት ወር በፊት ዳገት ላይ ትንሽ ሲንቀጠቀጥብኝ ሰፈሬ ያለ ዘይት ቤት ወስጄ የካምቢዮውን ዘይት አስቀየርኩ። ሠራተኛው «ይሄ ለሁሉም ሲቪቲ ይሆናል» ብሎ 160 ዶላር ተቀበለኝ። አሁን ካምቢዮው ጨርሶ ይንሸራተታል። ዲለሩ ደረሰኙን አይቶ «የእኛ ዘይት ስላልሆነ ዋስትናህ ፈርሷል» አለኝ። አዲስ ካምቢዮ 5,400 ዶላር ነው ብሎኛል። መኪናዬ እዚያው ቆሟል። ዲለሩን ነው የምከስሰው ወይስ ዘይት ቤቱን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ስለ ክስ ከማውራታችን በፊት ዛሬውኑ የሚሠሩት ሥራ አለ። ዲለሩ ጋ ደውለው፣ ያሉትን ደግሞ ወዲያው በኢሜይል ጽፈው፣ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘይት እንዳይደፋ፣ ካምቢዮውም እርስዎ ሳያውቁ እንዳይፈታ ይጠይቁ። ያ ዘይት ማስረጃዎ ነው። በንጹሕ ዕቃ ጥቂት ይቀዳልዎትና ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጥ። ዘይት የሚመረምሩ ላቦራቶሪዎች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ውስጡ ምን ያህል የብረት ብናኝ እንዳለ፣ መቃጠል አለመቃጠሉን ይነግሩዎታል። ብዙ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው መኪናው ተሠርቶ፣ አሮጌው ካምቢዮ ተጥሎ፣ ዘይቱም ከሌላ ዘይት ጋር ተደባልቆ ከሄደ በኋላ ነው። ያኔ የሚቀረው የቃል ክርክር ብቻ ነው፤ በቃል ክርክር ደግሞ ትልቅ ኩባንያን ማሸነፍ እጅግ ከባድ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። «የእኛ ዘይት ስላልሆነ ዋስትናህ ፈርሷል» የሚለው አባባል እንዲሁ እንደተነገረዎት ከሆነ ትክክል አይደለም። በ1975 የወጣው ማግኑሰን–ሞስ የተባለው የፌደራል የዋስትና ሕግ፣ አምራቹ ዘይቱን በነፃ ካልሰጠ ወይም ከፌደራል ንግድ ኮሚሽን ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በቀር፣ ዋስትናውን በራሱ ስም የሚሸጥ ዕቃ ከመግዛት ጋር እንዳያስተሳስር ይከለክላል። ኮሚሽኑ በ2015 የቢኤምደብሊው ሚኒ ክፍልን፣ ባለቤቶች የሚኒን ዕቃና የሚኒን ዲለር ካልተጠቀሙ ዋስትናቸው ይፈርሳል በማለቱ ከስሶት ጉዳዩ በስምምነት ተዘግቷል። በ2018 ደግሞ ተመሳሳይ ቃል በዋስትናቸው ላይ ለጻፉ ስድስት ኩባንያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል።

ግን ብዙዎች ይህን ሕግ ግማሹን ብቻ ሰምተው «ማንኛውንም ዘይት ማድረግ መብቴ ነው» ይላሉ። ሁለተኛውን ግማሽ ልንገርዎ። አምራቹ ከራሱ ውጭ የሆነ ዘይት ያደረሰውን ጉዳት አልሸፍንም ብሎ በዋስትናው ላይ መጻፍ ይችላል። የመኪናዎ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥም ይህን የመሰለ ማስጠንቀቂያ ሳይኖር አይቀርም። የኮሚሽኑ ደንብ የሚለው አምራቹ በዚህ ምክንያት ሊከለክልዎ የሚችለው ጉዳቱ በዚያ ዘይት መድረሱን ማሳየት ሲችል ነው። የማስረዳት ሸክሙ እሱ ላይ ነው ማለት ነው። ደረሰኝ አይቶ ፊት ማዞር ማስረዳት አይደለም።

ክርክሩ የት ላይ እንደሚያርፍ ለመረዳት ካምቢዮውን ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። ሲቪቲ እንደ ተለመደው ካምቢዮ በደረጃ የሚቀያየር ማርሽ የለውም። ሁለት ፑሊዎች አሉት፤ በመካከላቸው የብረት ቀበቶ፣ በአንዳንዱ ሰንሰለት ይዞራል። ኃይል የሚተላለፈው ፑሊው ቀበቶውን ጨምቆ ሳያንሸራትት ሲያዞረው ነው። ስለዚህ ዘይቱ ብረቱ እንዳይፋቅ ማለስለስ አለበት፤ በዚያው ጊዜ ደግሞ እንዳይንሸራተት እንዲይዝ ማድረግ አለበት። ለተራ አውቶማቲክ የተሠራ ዘይት እዚህ ውስጥ ከገባ በእርግጥ ያበላሸዋል። ዩኒቨርሳል የሚባለው የሲቪቲ ዘይት ግን ለሲቪቲ ተብሎ የተቀመመ ነው። የተለያዩ አምራቾች የሚጠይቁትን ጠባይ በአንድ ጠርሙስ ለማስማማት ይሞክራል። ከጠርሙሱ ጀርባ የኒሳን ኤንኤስ-3፣ የሆንዳ ኤችሲኤፍ-2፣ የቶዮታ ሲቪቲ ኤፍኢ እየተባለ ረጅም ዝርዝር ይጻፍበታል። ዝርዝሩ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ «ተስማሚ ነው» እንጂ «መኪና አምራቹ መርምሮ አጽድቆታል» አይደለም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ሰፊ ነው።

ስለዚህ ዘይት ቤቱ ያስገባው የትኛውን እንደሆነ ማወቅ አለብዎት። ደረሰኙ ላይ «ዩኒቨርሳል ሲቪቲ» ብቻ ከተጻፈ ሄደው የዘይቱን ስም፣ የተጠቀሙበትን ጠርሙስ ወይም በርሜል ፎቶ፣ የገዙበትንም ማስረጃ በትሕትና ይጠይቁ። ሳይጣሉ ይጠይቁ፤ ገና ማንን እንደሚከሱ አልወሰኑም።

ከደብዳቤዎ ውስጥ እኔን በጣም ያስቆመኝ ዓረፍተ ነገር «ዳገት ላይ ትንሽ ሲንቀጠቀጥብኝ» የሚለው ነው። እርስዎ እንደ ዋዛ ነው የጻፉት። ለእኔ ግን የጉዳዩ ማዕከል ነው። መንቀጥቀጡ ዘይቱ ከመቀየሩ በፊት ከነበረ፣ ብልሽቱ የጀመረው የአምራቹ የራሱ ዘይት ውስጡ እያለ ነው። ያልገባ ዘይት ጉዳት አያደርስም። ይህን ማሳየት ከቻሉ አምራቹ «ዘይቱ አበላሸው» ለማለት ይቸገራል።

እንዴት ይታያል? ለባለቤትዎ ወይም ለጓደኛዎ «መኪናዬ ይንቀጠቀጣል» ብለው በቴሌግራም ጽፈው ከሆነ ቀኑ አለበትና እንዳያጠፉት። ለሞተር ዘይት ዲለሩ ጋ በሄዱ ጊዜ ነግረዋቸው ከሆነ በሥራ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይሆናል፤ የአገልግሎት ታሪክዎን ሙሉ ኮፒ ይጠይቁ። የመኪናው ኮምፒዩተር የያዘው የብልሽት ኮድም ሳይጠፋ ይታተምልዎ። ከዚያ የፌደራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኤንኤችቲኤስኤ፣ ድረ ገጽ ላይ የመኪናዎን ዓመትና ሞዴል ያስገቡ። አምራቾች ለዲለሮቻቸው የሚልኩት የቴክኒክ ማሳሰቢያ እዚያ ይገኛል። የእርስዎ ሞዴል በዚሁ መንቀጥቀጥ ይታወቅ እንደሆነ ያዩበታል። የሲቪቲ ዋስትናቸው የተራዘመላቸው ሞዴሎችም አሉ፤ ለምሳሌ ከ2013 እስከ 2016 ያለው የኒሳን አልቲማ በቡድን ክስ ስምምነት እስከ 84 ወር ወይም 84,000 ማይል ደርሶለታል።

ይህ ዓረፍተ ነገር ግን ሁለት ስለት አለው። ችግሩ ከዘይቱ በፊት ከነበረ ዘይት ቤቱን «አንተ አበላሸኸው» ማለት ይከብዳል። አንዱን ክስ ያጠነከረው ማስረጃ ሌላውን ያላላዋል። ሕጉ በአማራጭ መከራከርን ይፈቅዳል፤ አንዱ ወይም ሌላው ተጠያቂ ነው ብለው ሁለቱንም መክሰስ ይቻላል። ነገር ግን እውነቱን ሁለት ዓይነት አድርገው አይንገሩ። ለዲለሩ «ድሮም ይንቀጠቀጥ ነበር»፣ ለዘይት ቤቱ «ከአንተ በፊት ደህና ነበር» ካሉ ሁለቱም ወረቀት አንድ ዳኛ ፊት ይቀርባል። የኔ ምርጫ መጀመሪያ ከአምራቹ ጋር መግጠም ነው፤ የዘይቱ ምርመራ ሌላ ነገር ካሳየን አቅጣጫ እንቀይራለን።

ከአምራቹ ያልኩት አውቄ ነው። ዋስትናውን የሰጠዎት አምራቹ ነው፤ ዲለሩ መስኮቱ ነው። ለአምራቹ የደንበኞች መሥመር ደውለው የጉዳይ ቁጥር ያውጡ። በጽሑፍም እንዲህ ይበሉ፦ «ዋስትናው የተከለከልኩበትን ምክንያት በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ። ዘይቱ ይህን ብልሽት ማድረሱን ያረጋገጣችሁበትን ምርመራ፣ የመርማሪውን ግኝትና ፎቶዎችን ላኩልኝ። መንቀጥቀጡ ዘይቱ ከመቀየሩ በፊት የነበረ መሆኑን አሳውቃለሁ።» የዋስትና መጽሐፉን ደግሞ እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ከፍርድ ቤት በፊት ወደ ሽምግልና መድረክ ሂዱ የሚል ካለ መጀመሪያ እዚያ መሄድ ግድ ይላል።

ኡበር መሥራትዎ ያሳስብዎት ይሆናል። የፌደራሉ ሕግ የሚያየው የዕቃውን ዓይነት ነው፤ መኪናው በተለምዶ ለግልና ለቤተሰብ የሚውል ዓይነት ከሆነ እርስዎ ሥራ ቢሠሩበትም ጥበቃው አይቀርም። የሜሪላንድ የሸማቾች ሕግ ግን በዋናነት ለግልና ለቤት የዋለ ዕቃን ነው የሚያየው፤ የእርስዎ አጠቃቀም ለቤተሰብ ያዘነበለ መሆኑ እዚያም ይረዳዎታል። የዋስትና መጽሐፉ ስለ ንግድ አጠቃቀም የሚለውንም ይዩ። ሲጠየቁ ኡበር አልሠራም ብለው እንዳይዋሹ፤ በኋላ የመተግበሪያው መዝገብ ይወጣል።

ዘይት ቤቱን በተመለከተ፣ ሠራተኛው «ለሁሉም ይሆናል» ማለቱ ዝም ብሎ የሻጭ ወሬ አይደለም። ገዢው አምኖበት የገዛበት የሻጭ ማረጋገጫ በሕግ ዋስትና ሊሆን ይችላል። ብዙ የዘይት አምራቾችም ዘይታችን ጉዳት ካደረሰ እንከፍላለን ይላሉ፤ ናሙና ይጠይቃሉና የቀዱት ዘይት እዚህም ይጠቅማል።

ስለ ፍርድ ቤት፦ በሜሪላንድ የአነስተኛ ገንዘብ ክስ ጣሪያው 5,000 ዶላር ነው፤ የእርስዎ 5,400 ነው። 400 ዶላሩን ትተው በቀላሉ ሥርዓት መሄድ፣ ወይም እስከ 30,000 ዶላር በሚያየው በዚያው የዲስትሪክት ፍርድ ቤት በመደበኛው መንገድ መክሰስ ይችላሉ። በማግኑሰን–ሞስ ያሸነፈ ሸማች የጠበቃ ወጪውን ፍርድ ቤቱ ሊያስከፍልለት ስለሚችል፣ ቅድሚያ ክፍያ ሳይጠይቁ የሚይዙ ጠበቆች አሉ። መኪናው በመቆሙ ያጡትን የኡበር ገቢ ከአምራቹ አገኛለሁ ብለው አይቁጠሩ፤ የዋስትና መጽሐፎች ይህን ዓይነቱን ኪሳራ አብዛኛውን ጊዜ ያወጡታል፣ ሕጉም ይፈቅዳል። ከዚህ ጎን ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ያለ ክፍያ አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ፤ ሁለቱን ወገን ለማስማማት ይሞክራል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅዎ። ከዲለሩ ወይም ከዘይት ቤቱ ሰው ጋር ሲነጋገሩ በስልክዎ በድብቅ እንዳይቀዱ። ቨርጂኒያና ዲሲ ውስጥ አንዱ ተነጋጋሪ ከፈቀደ ይበቃል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ግን ሁሉም ካልፈቀደ ወንጀል ነው። ማስረጃ ሊያገኙ ሲሉ ራሳቸው ተከሳሽ ሊሆኑ የነበሩ የአገራችን ልጆች አጋጥመውኛል። ከተነጋገሩ በኋላ «ዛሬ እንዲህ ብለውኛል» ብለው ኢሜይል ይላኩላቸው።

አምራቹ በጽሑፍ ሲመልስልዎ ደብዳቤውንና የዘይቱን ምርመራ ውጤት ይላኩልኝ፤ በማን ላይ እንደምናተኩር ያኔ እንወስናለን። እስከዚያ ድረስ ካምቢዮው እንዲቀየር በሚል ምንም ነገር ላይ አይፈርሙ።